ሳይክሎኑ ሲታጠፍ በልጋችንም ይታጠፋል

«ሲስተር፣ ሬዲዮው ዋሸን እኮ!» አለችኝ ጎረቤቴ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ሲቀላ ሰፈር ስሜ ግን አሁንም ሲስተር ነው። በልጉ ጥሩ ይሆናል ሲባል ሰምታ በቆሎዋን ዘራች። አንድ ቀን አካፍቶ ጠፋ፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ደርቆ ቀረ። ለሌላ ዘር የሚወጣው ገንዘብ ከልጆቹ ደብተርና ጫማ ነው የሚቀነሰው። ብትቆጣ አልፈርድባትም።

ሆኖም ዋሸ ማለቱ ልክ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ለሚጥለው ዝናባችን ብዙው እርጥበት የሚመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። በልጉ በሚጀምርበት ሰሞን ደግሞ በማዳጋስካርና በሞዛምቢክ አካባቢ ሳይክሎን የሚባለው አውሎ ነፋስ ይነሳል፤ አሜሪካኖች ሄሪኬን የሚሉት ማለት ነው። ጋሞ ድረስ አይመጣም። የሚሄድበት መንገድ ግን ይነካናል።

መንገዱን ራሱ አይመርጥም። ኩልፎ ሲሞላ የሚወስደውን ግንድ አስቡ፤ ግንዱ ይሽከረከራል፣ የሚወስደው ግን ወንዙ ነው። የሳይክሎኑ ወንዝ በዙሪያው ያለው ነፋስ ነው። ከፍተኛ የአየር ግፊት ያለበት ቦታ እንደ ግድግዳ ሆኖ ያዞረዋል። የሚገፋው ነፋስ ሲደክም ደግሞ ባለበት ይዋልላል፤ ባለሙያዎች የሚቸገሩትም ያኔ ነው። የዛሬዋ ትንሽ የልኬት ስህተት ከጥቂት ቀናት በኋላ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ልዩነት ታመጣለች።

በ2011 ዓ.ም. የተነሳው ኢዳይ በየካቲት መጨረሻ ሞዛምቢክ ገብቶ ዘነበ፤ አለፈ ሲባል ወደ ባሕር ተመለሰ፣ በረታ፣ ዞሮም መጋቢት 5 ሌሊት ቤይራ ከተማን መታ። በሞዛምቢክ፣ በዚምባብዌና በማላዊ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚመጣውን እርጥበት ወደ ደቡብ ስለሳበም የዚያ ዓመት ዝናብ ዘገየ። በ2010 ግን ዱማዚሌና ኤሊያኪም የተባሉት በማዳጋስካር ምሥራቅ በኩል ነበሩ፤ ከኮንጎ ወገን እርጥብ ነፋስ ወደ እኛ አቅጣጫ እንዲነፍስ ረዱ፣ ኬንያም በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ከአንዲት ደሴት በዚህ ወይም በዚያ በኩል መሆን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። የበልጉ ትንበያ ቀድሞ ሲነገር እኮ ሳይክሎኑ ገና አልተወለደም! የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን መከታተል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኔን ከበቆሎው ይልቅ የሚያሳስበኝ አጎበሩ ነው። ዝናብ ሲዘገይ ታጥፎ ሳጥን ይገባል። ዘግይቶ ሲመጣ ትንኟ ባቆረው ውሃ ትፈለፈላለች፤ እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን አሥር ቀን ገደማ፣ የወባው ተውሳክ በሆዷ እስኪበስል ደግሞ ሌላ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ትኩሳቱ የሚበረታው ዝናቡ ከገባ ከወር ገደማ በኋላ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ ሰኔ ውስጥ ልጅ አዝለው የሚመጡ እናቶች «የወባው ጊዜ አልፏል ብለን እኮ ነው» ይሉኝ ነበር። ልጅ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይታይ፤ እስኪነጋ፣ እስከ ሰኞ አትበሉ።

ጎረቤቴን ስለ በቆሎ ላስተምራት አልሞከርኩም፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ዘሩን ለመድገም የሚቀጥለውን የአሥር ቀን ትንበያ እየጠበቀች ነው። አጎበሩን ግን ትናንት አውጥታ ሰቅላዋለች፤ ሰማዩ ገና ጥርት እንዳለ።