የተረኛዋ ቃል

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ተረት ባለበት አገር፣ ቃሏን ያጠፈች ሴት ስሟ በበጎ አይነሣም። ዕቃቸውን በሰው ቤት፣ በወዳጅ ጉባኤ መካከል የሚሸጡ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚያሰሙት ምሬት ደግሞ ይኸው ነው። «ወዳጆቼን ቡና ጠርቼ ዕቃህን አሳይልሃለሁ ያለችው ሴት ቀኑ ሲደርስ አሞኛል ትላለች፤ አንድ ጊዜ የጋበዘችም ሁለተኛ ስንለምናት ስልክ አታነሣም። ጋባዦቻችንን በቃላቸው የምናጸናቸው በምን ዘዴ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ከንግድ ሰፈር ቢመጣም የቃልና የወዳጅነት ጥያቄ ነውና፣ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ማቅረቤ እንግዳ አይሁንባችሁ።

ንግድ ወደ ሰው ደጅ መምጣቱ ለአራዳ አዲስ ነገር አይደለም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ የከተማይቱ ዋና ገበያ ይቆም ነበር፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የተገፋው በጣልያን ወረራ ጊዜ ነው። ገበያው ቢርቅም ሻጩ አልራቀም። ሱቅ በደረቴው ማስቲካና ሲጋራውን በአንገቱ ባንጠለጠለው ሣጥን ደርድሮ ዞሯል። ቁራሌው ያረጀውን ገዝቷል፤ ባለ ልዋጩ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ተሸክሞ በአሮጌ ልብስና ጫማ ለውጧል። እነዚህ ሁሉ ግን የደጅ ነጋዴዎች ናቸው። እመቤቲቱ በሯ ላይ ቆማ ትከራከራለች፤ ዋጋው ካልጣማት «ሂድ አልፈልግም» ብላ ትመለሳለች፤ በዚህም ማንም አይቀየማትም። ነጋዴው ከደጅ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎንም ወደ ረከቦቱ አጠገብ የገባ ዕለት ነገሩ ይለወጣል።

አሠራሩ ለብዙዎቻችን ቤት እንግዳ አይደለም። ከዱባይ ወይም ከቱርክ ልብስ፣ ሽቶ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ያስመጣች ነጋዴ ብዙ ወዳጅ ያላትን አንዲት ሴት ትመርጣለች። ሴትዮዋ ጎረቤቶቿንና የሥራ ባልደረቦቿን ቡና ትጠራለች። አቦሉ ሲቀዳ ሻንጣው ይከፈታል፤ ቶናው ሲደርስ ልብሱ ይለካል፤ በረካው ላይ የገዢዎች ስም ከነዕዳቸው በደብተር ይሰፍራል። ለጋባዥዋም አንድ ቀሚስ፣ አንድ የሽቶ ጠርሙስ፣ ወይም የዋጋ ቅናሽ ይደርሳታል።

ይህን ልማድ ወደ ትልቅ ንግድ የለወጡት አሜሪካውያን ናቸው። ኧርል ተፐር የተባለው ሰው የሠራው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደሚገባው አልተሸጠለትም ነበር፤ ክዳኑ አየር እንዳያስገባ ሆኖ እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳይ ሰው ያስፈልገው ነበርና። ብራውኒ ዋይዝ የተባለች ሴት ግን ዕቃውን በየቤቱ በሚደረግ የሴቶች ግብዣ ላይ እያሳየች ትሸጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ተፐር ዕቃውን ከሱቆች አስወጥቶ ሽያጩን በሙሉ ወደዚህ መንገድ አዞረው፤ የበላይ ኃላፊዋም እርሷ ሆነች። ሻጯ ሌላ፣ ቤቷን የምትከፍተው ሌላ ነበረች። ባለቤቲቱ ስጦታ ታገኛለች፤ ከእንግዶቿ መካከል ደግሞ «ቀጥሎ በእኔ ቤት ይሁን» የምትል መገኘት አለባት። የንግዱ ሰንሰለት የሚቀጥለው በዚህች በቀጣይዋ ጋባዥ ነው። እርሷ ቃሏን ካጠፈች ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል።

የዚህ ንግድ መካሪዎች ታዲያ መድኃኒት አላጡም። ቀኑ እንደተቆረጠ የእንግዶቿን ስም አስጽፏት፤ በየመካከሉ ደውሉላት፤ የምታገኘውን ስጦታ ደጋግማችሁ አሳዩአት፤ ቀኑን አታርቁባት፣ ሐሳቧን እንዳትለውጥ ይላሉ። ምክሩ ብልሃት አይጎድለውም። ሁሉም ግን ከአንድ ግምት ይነሣል፤ ባለ ዕዳዋ ጋባዥዋ ናት፣ ነጋዴው አስታዋሽ ነው የሚል ግምት። እኔ የማልስማማው ከዚህ ላይ ነው። ዕዳው የማን እንደሆነ ለማወቅ በዚያ ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚሸጥ መመርመር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ፍሬንዘንና ዴቪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በቤት ግብዣ ሽያጭ ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው እንዲገዛ ከሚያደርጉት ነገሮች መካከል ከጋባዥዋ ጋር ያለው ቅርበት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። እኛ ይህን በአንድ ቃል እናውቀዋለን፤ ይሉኝታ እንለዋለን። በረከቦቱ ዙሪያ የተቀመጠችው ጎረቤት ቀሚሱን ባትወደውም ትገዛዋለች፤ ምክንያቱም ልጇ ሲታመም ሌሊት አብራት የሮጠችው ይህችው ጋባዥ ናት። ለነጋዴው የሚገባው ትርፍ ከዚያች ሌሊት የተቀነሰ ነው። በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ወርቁ በዓይናችን ፊት በሚዛን ይቀመጣል፤ ክብደቱን አይተን ዋጋውን እንከፍላለን። የዚያች ሌሊት ክብደት ግን በማንም ሚዛን ላይ አልወጣም፤ የተከፈለበትም አንድ የሽቶ ጠርሙስ ነው።

አንዲት የማውቃት ሴት ይህን ንግድ ለአንድ ዓመት ያህል በቤቷ አስተናግዳለች። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ቤቷ ይሞቃል፣ ወዳጆቿ ይሰበሰባሉ። ኋላ ግን በዱቤ የተወሰደው ልብስ ዋጋ ሲዘገይ ነጋዴዋ የምትደውለው ለገዢዎቹ ሳይሆን ለእርሷ ሆነ። «እትዬ፣ ደመወዝ ሲወጣ እከፍላለሁ» ያለቻት ጎረቤት ከዚያ ወዲያ በር ላይ ስታያት መንገድ መቀየር ጀመረች። ሌላዋ ለቡና ስትጠራ «ዛሬስ ዕቃ አለ?» ብላ መጠየቅ አመጣች። ሴትዮዋ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከሰማች በኋላ ለነጋዴዋ ሁለተኛ በሯን አልከፈተችም። በነጋዴዋ ደብተር ላይ ቃሏን ያጠፈች ተብላ ተጽፋ ይሆናል። ለእኔ ግን ከሁለት ቃሎቿ ቀድሞ የተሰጠውን የጠበቀች ሴት ናት።

ሴቶቻችን የጋባዥነት ቃል መጠበቅ አያውቁም እንዳይባል፣ ማስረጃው እዚያው ጊዮርጊስ ደጅ አለ። በየወሩ በ23 የቅዱሱን ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞችን አስቡ። ጽዋው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት በተራ ይሸጋገራል። የተረከበችው ሴት ጠላዋን ትጠነስሳለች፣ ዳቦዋን ትደፋለች፣ ቤቷን ታሰናዳለች። ማንም እየደወለ አያስታውሳትም፤ ማንም የሽቶ ጠርሙስ አያሳያትም። ብታዝን ወይም ብትታመም ሌላዋ ተራዋን ትለውጥላታለች እንጂ ጽዋው ሜዳ ላይ አይቀርም። ማኅበርተኞቹ 12 ቢሆኑ በ11 ቤት በልታለች፤ በ12ኛው ታበላለች፤ ከዚያም ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆና ታርፋለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ተራ ሸክሙን ጌጥ ያደርገዋል።

«እርሷማ ቅዱሱን ፈርታ ነው» የሚል ይኖራል። እንግዲያው ዕቁብን እንመልከት፤ ዕቁብ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣላት ሴት ብሩን ከመውሰዷ በፊት ዋስ ትጠራለች። ቀድማ የበላችው እስከ መጨረሻው ዙር መክፈሏን ትቀጥላለች፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ለእርሷ ከፍለዋል። እዚህም ቃሉን የሚያቆመው ተራው ነው። በማኅበሩም በዕቁቡም የማይከፍል፣ የማይደግስ፣ ዘወትር ተቀባይ ብቻ የሆነ አባል የለም። በነጋዴው የቡና ግብዣ ላይ ግን አንድ እንዲህ ያለ አባል አለ። እርሱም ነጋዴው ራሱ ነው።

በሌላ በኩል ያለውን እውነት መካድ አልፈልግም። የሱቅ ኪራይ በማይቀመስበት ከተማ ሻንጣዋን ይዛ በሰው ቤት የምትሸጥ ሴት ልጆቿን በክብር ታሳድጋለች፤ ሥራዋ የሚናቅ አይደለም። ከፒራሚድ ሽያጭ ጋርም መምታታት የለበትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የከለከለው፣ ሰው ሌሎችን ወደ ሽያጩ በማስገባቱና ባስገባቸው ሰዎች ብዛት ጥቅም የሚያገኝበትን አሠራር ነው። ቀሚስ አሳይቶ ቀሚስ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ሆኖም ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ሰውን አይጎዳም ማለት አይደለም።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በጊዮርጊስ ዙሪያ በሆነው ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ፣ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ሰዎች ወደ ተለያዩ የከተማይቱ ዳርቻዎች ሄደዋል። ከአንድ ጀበና ይጠጡ የነበሩ ሴቶች ዛሬ ለመገናኘት ታክሲ መቀያየር አለባቸው። ቀድሞ በመስኮት ይጠራሩ የነበሩት አሁን የሚገናኙት በስልክ ውስጥ በተጻፉ ስሞች ነው። መካሪዎቹ «በመጀመሪያው ቀን አስጽፏት» የሚሉት የእንግዶች ዝርዝር እንግዲህ ይህ ነው፤ ከፈረሰ ሰፈር የተረፈ ነገር ነው። ከሩቅ መጥታ ቡና የምትጠጣ ሴት ሻንጣ ሲከፈት ካገኘች፣ በሚቀጥለው ጊዜ መንገዱ ይረዝምባታል።

ስለዚህ ነጋዴው ጋባዡን በቃሏ ማጽናት ቢፈልግ፣ ከስጦታው በፊት የራሱን ቃል ያስቀድም እላለሁ። እንግዶቹ ሲጠሩ ዕቃ እንዳለ ይነገራቸው፤ ቡና ብሎ ጠርቶ ሻንጣ መክፈት ነውር ነው። ዋጋው መርካቶ ካለው አይብለጥ፤ ወዳጅነት የሚከፈልበት ቀረጥ አይሁን። ጋባዥዋ የምታገኘው አስቀድሞ በብር ይታወቅ፤ የደከመችበት ሥራ ነውና። ዱቤ ከተሰጠ ዕዳውን የሚጠይቀው ነጋዴው፣ ኪሳራውንም የሚችለው እርሱ ይሁን። ያልተስማማው ዕቃ ያለ ጭቅጭቅ ይመለስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ የጋበዘች ሴት እንደ ማኅበርተኛ ተራዋን ጨርሳ ትረፍ፤ ዓመቱ ሳይዞር ዳግመኛ በሯ አይንኳኳ። ይህ ሁሉ የነጋዴውን ትርፍ ይቀንሳል። መቀነሱ ራሱ ድግሱ ነው፤ በሰው ቤት የበላ ሰው በተራው የሚያበላው እንዲህ ነውና።

ብራውኒ ዋይዝን እ.ኤ.አ. በ1958 ያ ያበለጸገችው ኩባንያ አሰናበታት፤ ከድርሻው ያገኘችው አልነበረም። ኩባንያውም ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024፣ የኪሳራ ጥበቃ እንዲደረግለት ፍርድ ቤት አመለከተ። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነውና አንዱን ከሌላው ጋር አላያይዝም። የጽዋ ማኅበር ግን ያለ ካፒታልና ያለ ማስታወቂያ ከእናት ወደ ልጅ ሲሻገር አይቻለሁ። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ እንኳ ጽዋውን በነጠላ ሸፍና፣ በታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ አዲሱ ቤቷ የምትወስድ ተረኛ አለች። እንዲህ ያለችውን ሴት ቃል አጣፊ ከማለቱ በፊት፣ ነጋዴው የራሱ ተራ መቼ እንደሆነ ይጠይቅ።