ድንጋዩ ለቤተ መንግሥት፣ ታሪኩ ለጎጆ

በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ፖርትላንድ የምትባል ድንጋያማ ምድር አለች። የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል እ.ኤ.አ. ከ1666ቱ ቃጠሎ በኋላ እንደገና ሲታነጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1913ም የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ፊት ሲለበጥ፣ ድንጋዩ የመጣው ከዚያ ነው። ለወደቧ የማዕበል መከላከያ ድንጋይ የፈለጡት ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስረኞች ነበሩ። ድንጋዩስ ወደ ነገሥታቱ ደጅ ሄደ፤ የፈላጮቹ ታሪክ ወዴት ገባ?

ከባሕሩ በላይ ባለው መንደር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ ሁለት ጎጆዎች ውስጥ ተቀመጠ። ጎጆዎቹን ሜሪ ስቶፕስ የተባሉት ምሁር ለአካባቢው ሕዝብ አበረከቷቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ሙዚየም ሆኑ። ስቶፕስ በወሊድ ቁጥጥር ዘመቻቸው የሚመሰገኑትን ያህል፣ የሰውን ዘር በምርጫ እናሻሽል በሚለው አቋማቸው ይወቀሳሉ። ስጦታቸው ግን የሠራተኛው ቤት ራሱ ቅርስ መሆኑን አስመስክሯል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የተቋቋመው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የአዲስ አበባ ሙዚየም በራስ ብሩ መኖሪያ፤ የሐረሩ ሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ በራስ ተፈሪ ስም በሚጠራው ቤት። ሁሉም ሊጠበቁ ይገባቸዋል። ነገር ግን የልብስ ሰፊው፣ የጠጅ ቤቷ እመቤት፣ የአናጢው ቤት የትኛው ነው?

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሳቢያ ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ መንደሮች ፈረሱ። የልማቱ ደጋፊዎች ቤቶቹ ያዘመሙና የተጨናነቁ፣ መጸዳጃቸውም የጋራ እንደነበር ይናገራሉ። እውነት ነው፤ ማንም ሰው ለሌላው ትዝታ ሲባል በጉስቁልና ይኑር አልልም። ይሁን እንጂ ነዋሪውን ከጉስቁልና ማውጣትና የኖረበትን ታሪክ መደምሰስ አንድ ነገር አይደሉም። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ ብቻ ቢተርፍ፣ የ1967ቱን የትርፍ ቤት አዋጅ፣ የቀበሌን ሥርዓትና በአንድ ግቢ የተዛመዱ ጎረቤቶችን ኑሮ ከብዙ መጻሕፍት አብልጦ ባስተማረን ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መንደር ከመፍረሱ በፊት ቤቶቹ ይለኩ፣ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ የአዛውንቱ ቃል ይቀረጽ፤ አንዲት ቤትም ታድሳ ለሰፈሩ ልጆች ትቆይ። ወጪው ከአንድ አደባባይ መብራት ቢበልጥ እንኳ፣ የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ፈቃደኝነትን ነው። ቤተ መንግሥትን ብቻ የሚያድስ መንግሥት ለትውልዱ የሚያወርሰው የገዢዎቹን አድራሻ ነው፤ የተገዢው ልጅ ግን አያቱ የት እንደኖረ ቢጠየቅ የሚያሳየው ደጃፍ አይኖረውም።