እግዜር ያሳረረው ሰው የለም

ቀልዷን ሳታውቋት አትቀሩም። እግዜር ሰውን ከጭቃ ጠፍጥፎ እቶን ውስጥ ከተተ። የመጀመሪያው ብዙ ቆየና አረረ፤ ጥቁር ሆነ። ሁለተኛው ሳይበስል ወጣ፤ ፈረንጅ ሆነ። ሦስተኛው ልክ ልኩን አገኘ፤ እሱ እኛ ነን! ለቱሪስት ትነገራለች፣ በቢራ ላይ ትነገራለች፣ ይሳቅባታል። (በነገራችን ላይ ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ የኖረ አገር ፈጣሪውን ሸክላ ሠሪ ማድረጉ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው።)

እኔ የምለው፣ የአሶሳ ሰው በየትኛው ዙር ነው የወጣው? በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦው፣ ኮሞው? «ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ልክ ከበሰለው ነው» እንዳትሉኝ። ቀልዷ እሱን አስባው ከሆነ ያሰበችው ካረረው ጋር ነው። ለዚያ ዙር ደግሞ ደገኛው ስም ነበረው፤ «ሻንቅላ»። የአንድ ብሔረሰብ መጠሪያ አልነበረም። ጠቆር ያለውን የቆላ ሰው ሁሉ በአንድ የሚጠቀልል፣ «ባሪያ» ከሚለው ጋር እየተቀያየረ የሚጠራ ስድብ ነበር።

ስድቡም ሥራ ነበረው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉልን ካስገበረ በኋላ ከአሶሳው ገዢ ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ግብር ወርቅና ባሪያ ነበር። ሸጎሌ በታክሲ ስታልፉ የምትጠሩት የሳቸውን ስም ነው። ሼሁ ራሳቸውም በባሪያ ይነግዱ ነበርና ጥፋቱን ለደገኛ ብቻ አልሰጥም። በ1916 ባሪያን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ባርነት ጨርሶ ተከለከለ። ምድጃው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። በጳጉሜ 2017 ጉባ ላይ የተመረቀው ግድብ «የእኛ» ነው፤ ወርቁም «የእኛ» ነው። ሰውየው ሲነሳ ነው ማረሩ ትዝ የሚለን።

ነገሩ የቆየ ዘዴ ነው። በባቢሎናውያኑ የአትራሐሲስ ተረት አማልክቱ ቦይ መቆፈር ሲመራቸው ከጭቃና ከታረደ አምላክ ደም ሰውን ሠሩ፤ እንዲቆፍርላቸው። ማን ይቆፍር፣ ማን ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው፤ ፊርማው ብቻ የአምላክ ይደረጋል።

ፋንታሲ የምትወዱ የቶልኪንን «ሲልማሪሊዮን» አስታውሱ። አውሌ ድንኮቹን በድብቅ ይሠራቸዋል፤ ሲደረስበት ሊያጠፋቸው መዶሻውን ያነሳል። ድንኮቹ በፍርሃት ይሸማቀቃሉ፣ ምሕረት ይለምናሉ። የበላዩ ፈጣሪም ከመዶሻው መሸሻቸውን አይቶ የራሳቸው ሕይወት እንዳላቸው ይመሰክርላቸዋል። በልቦለድ ውስጥ ለተሠራ ድንክ ይህን ያህል ተጠንቅቋል! እኛ ግን አንድ መታወቂያ ለያዝነው ሰው «ያረረ» ብለን እንስቃለን።

«ቀልድ እኮ ነው» የምትሉኝ እስቲ አሶሳ ሂዱ። ሻይ ከጋበዛችሁ የበርታ ሰው ፊት ተቀምጣችሁ ሙሉውን ንገሩት፤ «አረረ» የምትለዋን ሳትዘሉ።