የውል ቃላትን ስለ ማወቅ

የይርጋ ጨፌ ቡና ስሙ በዓለም ገበያ የገነነ መሆኑን በዲላ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ቡናው ወደ ውጭ አገር የሚሸጥበት ውል ግን በእንግሊዝኛ መጻፉን አጥብቆ የሚያስብበት ጥቂት ነው። ችግሩ የጌዴኦ ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ በእስፓኝ ቋንቋ የሚናገረው የኮሎምቢያ ላኪም ከኒው ዮርክ ገዥ ጋር ሲዋዋል የሌላውን ሰው ቋንቋ መማር ግድ ይሆንበታል።

ለዚህ ሲባል ቋንቋውን ሁሉ አጥንቶ መጨረስ አያስፈልግም። ሰላምታውን አስተርጓሚ ይወጣዋል፤ ገንዘብ የሚያስከፍሉትን ጥቂት ቃላት ግን ነጋዴው ራሱ ሊያውቃቸው ይገባል። «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» ብሎ የፈረመ ላኪ ቡናው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ያለውን ወጪና ጉዳት ተሸክሟል፤ የመርከቡ ኪራይ የገዥው ነው። ናሙናው ሲጸድቅ ይጸናል የሚባለው ውልም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንደኛው ገዥው ናሙናውን ካልተቀበለ ሽያጩ ይቀራል፤ በሌላው ሻጩ ሁለተኛ ናሙና ማቅረብ ይችላል። ልዩነቱ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ ነገር ግን ቡናው በመጋዘን ተከማችቶ የባንክ ወለድ በሚቆጠርበት ጊዜ የዓመቱን ትርፍ የምትወስነው ያች መስመር ናት።

ስለ ራሱ መብት እንዲህ የሚጠነቀቀው ነጋዴ በመከር ወራት ሠራተኛ ሲቀጥር አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምትለቅመው ሴት የምትናገረው ጌዴኡፋ ነው፤ የሚቀርብላት ወረቀት በአማርኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ያዛል። ሠራተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ በ15 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ጽሑፉ እንደ ውል ይቆጠራል። ያላነበበችውን ነገር እንዴት ትቃወም? የጣት አሻራም ቢሆን መተማመኛ አይሆንም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም።

ደመወዝ፥ የሙከራ ጊዜ፥ የትርፍ ሰዓት፥ ስንብት የሚሉትን ቃላት የአገሩ ተወላጅ የሆነ ጸሐፊ በጌዴኡፋ ቢያስረዳ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው በቀን ይሁን በኪሎ ሳትረዳ የገባች ለቃሚ ሥራው በበረታበት ሳምንት ወደ ጎረቤት ማጠቢያ ብትሄድ፥ ሳይገላበጥ አልጋው ላይ የሚቀረው ቡና የባለቤቱ ነው።