«ኦቨርሎዱን ዳይሬክት አድርግልን» ለምትሉ ሁሉ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቻርጅ ያላችሁ አሁን አንብቡት፣ የሌላችሁ ማታ መብራት ሲመጣ ተመለሱበት።

ሰሞኑን እዚህ ዱራሜ በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁና በየወርክሾፑ አንድ አባባል ይሰማኛል። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ከራሳችን ልጆች አፍ መሆኑ ነው። «ኦቨርሎድ ለኛ አገር መብራት አይሆንም። ፈረንጅ የሠራው ለፈረንጅ መብራት ነው። እዚህ ዝም ብሎ እየጣለ ሥራ ያስፈታል፤ ዳይሬክት አድርጎ መገላገል ነው» ይላሉ። አንዳንዱማ እንደ ትልቅ ዕውቀት ለረዳቱ ሲያስተምረው ሰምቻለሁ።

እኔ ይህ አባባል ውሸት ነው እላለሁ። የማትስማሙ ኮመንት ላይ ሞግቱኝ። ለስድብ ግን መልስ የለኝም።

መጀመሪያ ለባለ ወፍጮው ልሟገት። ለመሳላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወፍጮ ቤት ደጃፍ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ። ጆንያው እስከ መንገድ ተሰልፏል፣ አህያው ጭነቱ ሳይወርድለት ቆሟል፣ ከገጠር የመጡ እናቶች ሳይመሽ መመለስ አለባቸው። በዚህ መሀል ሞተሩ ቀጥ ይላል። ባለቤቱ ሪሴቱን ይጫናል፣ ይነሳል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጥላል። በአራተኛው ላይ «ይሄን ነገር አውጣልኝ!» ቢል አልፈርድበትም። እሱ ዱቄት ነው የሚያውቀው። እኔ የምፈርደው ካቻቪቴና ፒንሳ ይዞ ሄዶ፣ ምንም ሳይለካ፣ ሽቦ አሻግሮ፣ ገንዘብ ተቀብሎ በሚወጣው ሰው ላይ ነው።

ሙያችን ላልሆናችሁ ኦቨርሎድ የምንለው ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። ከኮንታክተሩ ሥር የሚታሰር ትንሽ ሪሌ ነው። ሆዱ ውስጥ በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው አሉ። ወደ ሞተሩ የሚሄደው ከረንት ያሞቃቸዋል፣ ሲሞቁ ይጎብጣሉ፣ በጣም ሲጎብጡ የኮንታክተሩን መቆጣጠሪያ ሽቦ ይቆርጡታል። በሌላ አነጋገር ሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ግለት በትንሹ የሚያሳይ ዕቃ ነው።

ደግሞም «ዝም ብሎ» የሚጥል ግልፍተኛ አይደለም። ዓለም አቀፉ ደረጃ እንደሚለው፣ ከተሞላለት መጠን በ5 በመቶ ቢያልፍ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት አለበት። በ20 በመቶ ቢያልፍ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መጣል አለበት። ክላስ 10 የሚባለው ዓይነት ሞተሩ ተቆልፎ ከረንቱ 7.2 እጥፍ ቢደርስ እንኳ እስከ 10 ሰከንድ ይታገሣል። ከብዙዎቻችን የተሻለ ትዕግሥት አለው ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ «ለፈረንጅ መብራት ነው» ወደሚለው ልምጣ። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። ወፍጮው በቆሎውን ለመፍጨት የሚፈልገው ጉልበት አይቀንስም። ሦስቱ ፌዝ 380 ቮልት መሆን ሲገባው ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲለኮስ፣ 340 ከወረደ ሞተሩ ያንኑ ጉልበት ለማግኘት ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ከረንት ይስባል። አንድ ፌዝ ጨርሶ ከጠፋ የቀሩት ሁለቱ ወደ 1.7 እጥፍ ገደማ ይሸከማሉ። ቮልቴጅ የማይወርድበት፣ ፌዝ የማይጠፋበት አገር ኦቨርሎድ አውጥቶ የሚያሠራ ሰው ቢኖር ድፍረት ነው እለዋለሁ። እኛ አገር ማውጣት ግን ጎርፍ ሲመጣ ድልድይ እንደ ማፍረስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ልጨምር፣ ብዙ ሰው አይነግራችሁም። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኪሎ ዋት፣ ሌላ ነገር ካልተጠቀሰ በቀር፣ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። እኛ ሀምበሪቾ ግርጌ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። ሆሳዕናም እንዲሁ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያለው አምፔር ለኛ አልፎ አልፎ የሚነካ ጣሪያ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት አይደለም። እና በዚህ ላይ ሪሌውን ከፍ አድርገህ ልትሞላ ነው?

ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄዬን ታስታውሳላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እየቀለዳችሁ ትደግሙት ነበር። «መቼ ጣለ?» ነው። ዛሬም ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለኝም። ሲነሳ ወዲያው ከጣለ አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዩ ከባድ ሆኖ፣ ወይ ጉሮሮው እህል እንደሞላ አስነስተውት፣ መነሻው ረዝሟል ማለት ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከጣለ ሌላ ነገር ነው፤ የሚሞቅ ነገር አለ። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ቮልቴጁን ጠርጥር። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ውኃ የገባበትን ፈልግ። የገበያ ቀን ብቻ ከሆነ ጭነቱን እይ። ይህን ሳትጠይቅ ፓነል የምትከፍት ከሆነ በሽተኛውን ሳያናግር መርፌ ከሚወጋ ሰው በምን ትለያለህ?

አንድ ምሳሌ ላምጣ። ቦታውን አልናገርም፤ ባለቤቱ ወዳጄ ነው። 15 ኪሎ ዋት ሞተር፣ ስታር ዴልታ፣ ሰሌዳው ላይ 30 አምፔር። ኦቨርሎዱ ዋናው ኮንታክተር ሥር ነው ያለው፤ እዚያ የሚያልፈው የጥቅልሉ ከረንት ስለሆነ 30 በ0.58 ተባዝቶ 17.4 ይሞላል። ትክክል ተሞልቷል። ግን እየጣለ ነው፣ ከተነሳ ከሩብ ሰዓት እስከ 20 ደቂቃ ባለው። ከኔ በፊት ሁለት ባለሙያ መጥቷል። አንዱ ሪሌውን በአዲስ ቀይሯል፤ አዲሱም ጣለ። ሁለተኛው «ወደ 25 እናድርገው» ብሎ ባለቤቱ ፈርቶ መልሶታል።

ክላምፕ ሜትሩን አገባሁ። ከነጭነቱ ሦስቱ ፌዝ 38፣ 35 እና 27። እኩል መሆን የነበረባቸው ናቸው። ቮልቴጁ በፌዞች መካከል 376፣ 358፣ 357። ተመልከቱ፣ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አማካዩ 364 ገደማ ነው፣ ከሱ የራቀው ወደ 12 ቮልት፤ 3.4 በመቶ። ሞተር ላይ ግን የቮልቴጅ አለመመጣጠን እንደዚህ በየዋህነት አይታይም። የሙቀቱ ጭማሪ በግምት የመቶኛው ካሬ ሁለት እጥፍ ነው የሚባለው፤ ያ ማለት ወደ 23 በመቶ። ያቺ 3.4 ጥቅልሉን እየጠበሰችው ነበር። ሪሌው የጣለው ትክክል ነው! 38ቱን በ1.73 አካፍሉትና ከተሞላው 17.4 ጋር አስተያዩት፤ ሩብ ያህል አልፏል።

ከፓነሉ ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከቆጣሪው በላይ፣ ከምሰሶ የመጣው አልሙኒየም ከቤቱ የመዳብ ሽቦ ጋር በእጅ ተጠማዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ሁለቱን ብረቶች የሚያስማማ ማያያዣ የለም። አንደኛው ፌዝ ላይ ፕላስተሩ ቀልጦ ጠቁሯል። አልሙኒየምና መዳብ በቀጥታ ተገናኝተው እርጥበት ሲያገኙ ይበላላሉ፣ ይላላሉ፣ ይግላሉ። በሚመለከታቸው ሰዎች አስጠፍቶ በትክክለኛው ማያያዣ ማሠር ነበር መፍትሔው፤ ከዚያ በኋላ በዚያው 17.4 ላይ ሪሌው አልጣለም። እንግዲህ ያ ሰውዬ 25 ላይ ቢያደርገው ኖሮስ? ወፍጮው ለመሳላ ይፈጫል። ጣሪያው ሥር ግን እሳት እየተዘጋጀ ነው። ደግሞ ሞተሩ ሲቃጠል የመጠቅለያው ዋጋ የሪሌውን ስንት እጥፍ እንደሆነ ያስጠቀለለ ያውቃል።

«ታዲያ ሪሌው መቼም አይሳሳትም ልትለን ነው?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አላልኩም። በከንቱ የሚጥልበት ጊዜ አለ። የራሱ ብሎን ላልቶ ተርሚናሉ ሲግል ያ ግለት ወደ ብረቶቹ ይገባና ያለ ጥፋት ይጥላል። መነሻው ረጅም ለሆነ ከባድ ወፍጮ ክላስ 10 ከታሰረ ሲነሳ ይጥላል፤ እዚያ ክላስ 20 ነው የሚያስፈልገው፣ ጥቅልሉና ሽቦው የሚችሉት መሆኑ ከተረጋገጠ። ዱቄት የጠጣ፣ ያረጀ፣ በአጭር ዙር የተመታ ሪሌም ይበላሻል። እነዚህ ሁሉ ግን ተለክተው የሚታወቁ ናቸው። «በከንቱ ነው» የሚለው ቃል ሦስቱን ፌዝ ከነጭነቱ ከለካህ፣ ከሰሌዳው ጋር ካስተያየህ፣ አጥፍተህ ብሎኖቹን ካጠበቅህ፣ ጥቅልሉን በ500 ቮልት ሜገር ካየህ በኋላ የሚነገር ነው። ገና በር ላይ ሆኖ የሚነገር አይደለም።

አንድ ሌላ ተንኮል አለ። ሪሌው ላይ ሪሴቱን በእጅ ወይም በራሱ የሚያደርግ ምርጫ አለ። በራሱ ላይ አዙረው «ተስተካከለ» ብለው ይሄዳሉ። በቁልፍ ተጭነው የሚያስነሱት ወፍጮ ከሆነ ብዙ አይጎዳ ይሆናል፣ ተመልሶ አይነሳምና። በተንሳፋፊ ስዊች የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ላይ ግን ፓምፑ ይጥላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሳል፣ ይጥላል፤ ሰው ሳያይ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲል አድሮ ይቃጠላል። አንድ ቀበሌ ያለ ውኃ የሚቀርበት መንገድ ይህ ነው።

ስለ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር አጭር ልበል፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚሞተው ሞተር አይደለም። 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚጥለው ለሰው ልብ ሲባል ነው። ትንሽ ሆቴልና ፀጉር ቤት ገብታችሁ እዩ፤ «ይረብሻል» ተብሎ ወጥቶ ተራ ብሬከር ተተክቷል። ይረብሽ የነበረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የሻወሩ ማሞቂያ ውስጡ ተሰንጥቆ ነው፣ ወይ ምጣዱ እርጥበት ጠጥቶ፣ ወይ አንድ ሳጥን ውስጥ ኒውትራሉና ኧርዙ ተነካክተው። ሁሉንም ንቀል፣ አንድ በአንድ ሰካ፤ የትኛው ላይ እንደሚጥል ያየኸው ዕቃ ነው ጥፋተኛው። ሁሉ ተነቅሎም ከጣለ ሽቦው ውስጥ ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። እርጥብ እግር ይዞ ሻወር ውስጥ የሚገባው እንግዳ ግን ይህን ግማሽ ቀን ማን እንደቆጠበበት አያውቅም። ባለ 2.5 ሽቦ ላይ 16ቱን አውጥቶ 32 የሚያስገባውንም ከዚሁ እቆጥረዋለሁ።

ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1965 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ናያጋራ አጠገብ ባለ የኃይል ማመንጫ፣ አንድ ሪሌ አንዱን ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ጣለ። ጭነቱ በቀሩት አራቱ ላይ ወረደ፣ እነሱም ተከታትለው ወደቁ። ኒውዮርክን ጨምሮ 30 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በጨለማ ቀረ፣ አንዳንዱ ቦታ እስከ 13 ሰዓት። ሪሌው አልተበላሸም ነበር! የተሞላበት መጠን መስመሩ ከሚችለው ያነሰ ነበር፣ ተረኞቹም ያንን ቁጥር አያውቁትም። እዚያ ጥፋቱ ሪሌው ዝቅ ብሎ መሞላቱ ነው፣ እኛ ጋ ከፍ ብሎ መሞላቱ። ያው ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ከናንተ የምፈልገው ከባድ አይደለም። የሠራችሁት ፓነል በር ውስጠኛው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። ቀኑ፣ ሪሌው የተሞላበት አምፔር፣ ከነጭነቱ የለካችሁት ሦስት አምፔር፣ ሦስት ቮልቴጅ፣ ሰዓቱ፣ ስማችሁ። የሚቀጥለው ባለሙያ ከዜሮ አይጀምርም። ባለቤቱም ስለ ማታው ቮልቴጅ ለሚመለከተው አቤት ሲል «መብራቱ ደካማ ነው» ከማለት ይልቅ በቀንና በሰዓት የተጻፈ ቁጥር ያሳያል። ግድባችን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ደስ ብሎናል። ከምሰሶው እስከ ሞተሩ ያለው ግን የኛ ሥራ ነው፣ ማንም መጥቶ አይመርቅልንም።

ዳይሬክት አድርግልን ሲሏችሁ ደግሞ እንቢ በሉ። «ሌላ ሰው ያደርገዋል» ይላሉ፣ ያድርገው። ባለ ወፍጮዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ ለሚለካ ሰው ከሚያሻግር ሰው የበለጠ ክፈሉ፤ ሰዓቱን ነው የሸጠላችሁ።

ሜገር የሌላችሁ ልጆች፣ እኔ ጋ አንድ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ መታወቂያ አስይዛችሁ ውሰዱ፣ ሰኞ ጠዋት መልሱ። ባትሪውን ግን እናንተ ግዙ።