ልጆችን ይዞ ወደ ሐረር



ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ «ልጆቹ ዕረፍቱን በምን ያሳልፉት?» የሚል ነው። ቁርኣን ቤት ማስገባቱ መልካም ነው፤ ዘመድ ማዘየሩም እንዲሁ። እኛ ግን በዚህ ወር አንድ ሐሳብ እንጨምር፤ አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የታሪክ ጉዞ ይውጣ። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ በምድር ላይ ተጉዘን የቀደሙትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንድናስተውል ደጋግሞ አዞናል።

መምህራን እንደመሆናችን መጠን አዘውትረን የምናየው ነገር አለ። ልጅ በመድረሳ ስለ መካና መዲና፣ ስለ በድርና ኡሑድ ይማራል። በቀኑ ትምህርት ቤት ደግሞ ስለ አክሱም፣ ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር ይማራል። ሁለቱንም ማወቁ ተገቢ ነው። ይሁንና «እኛስ በዚህች አገር ውስጥ የት ነበርን?» ብሎ ሲጠይቅ ከሁለቱም ደብተሮቹ በቂ መልስ አያገኝም። መልስ ያጣ ልጅ በገዛ አገሩ ራሱን እንደ እንግዳ መቁጠር ይጀምራል፤ ወይም መልሱን ቂም ከሚያስተምር ሰው ይወስዳል። ሁለቱም ጉዳት ነው። መልሱን መስጠት ያለበት ወላጅ ነው።

ለምሳሌ የሐረርን መንገድ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአዋሽና በጭሮ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። የራስ መኪና የግድ አይደለም፤ በሕዝብ አውቶቡስም ይኬዳል። ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑ ይጣራ፤ ቤተሰብ አማና ነውና።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አስተምረዋል። ቤተሰብም እንዲሁ ያድርግ። አባት ወይም እናት አሚር ሲሆኑ አንዱ ልጅ የሶላት ሰዓት ይጠብቅ፣ ሌላው ውሃና ስንቁን ይያዝ፣ ሌላዋ የታየውን ሁሉ በደብተር ትጻፍ። የጉዞውን ዱዓእ በጋራ ይበሉ። በመድረሳ በቃል ብቻ የተያዘው የቀስር ትምህርት እዚህ ላይ በተግባር ይገባቸዋል፤ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ከአራት ወደ ሁለት ረከዓ ያጥራሉ፣ መግሪብ ግን ሦስት እንደሆነ ይቀራል። ዲናችን ለመንገደኛ ምን ያህል እንደሚያዝን ልጁ በዚያው ይረዳል።

ጭሮንና ሂርናን አልፈው ጨለንቆ ሲደርሱ ግን ከበድ ያለ ጥያቄ ይጠብቃል። ግብፆች ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ገዝተው ከወጡ በኋላ ከተማዋን አሚር ዐብዱላሂ ያስተዳድሯት ነበር። በ1879 ዓ.ም. የአሚሩ ሠራዊት በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ጦር ጋር ጨለንቆ ላይ ተዋግቶ ተሸነፈ፤ ሐረርም ራሷን ማስተዳደሯ አበቃ። ልጆች «ማን አሸነፈ? ለምን?» ማለታቸው አይቀርም።

አንዳንድ ወላጅ ነገሩን ሸፍኖ ያልፈዋል። ልጁ ግን ነገ ከሌላ ሰው ሲሰማው «አባቴ ደበቀኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ታሪኩን የሚከፈል ብድር አድርጎ በልጁ ትከሻ ላይ ይጭነዋል። ሁለቱም አይበጅም። የሆነውን እንደሆነ መንገር፣ ለሞቱት ሙስሊሞች ራሕመት መለመን፣ ከዚያም የአንድን ሕዝብ መጥላት ከፍትሕ እንዳያወጣን አላህ በሱረቱል ማኢዳህ ማዘዙን ማስታወስ ነው። ጥቂት እልፍ ብሎ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለንግሥ የሚሄዱበት ቁሉቢ አለ። ልጆቹ የሰው እምነት የማይቃለል መሆኑን እዚያው ይማሩ።

ሐረማያ ላይም ቆም ይበሉ። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል። በዉዱእ ጊዜ ቧንቧ ከፍቶ ለሚተው ልጅ ከዚህ የበለጠ ምክር የለም።

ሐረር ሲገቡ ጀጎልን በእግር ይዙሩት። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንዳሠሩት ይነገራል። ጥንታውያን በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ልጆቹ ስማቸውን በሐረሪኛም ጠይቀው ይጻፉ። ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶች እንዳሉት ተጠቅሷል። በሸሪፍ ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች ይታያሉ። ያን የእጅ ጽሑፍ ያየ ልጅ አባቶቹ እዚሁ አገር ላይ ጽፈው፣ ጠርዘውና አስተምረው እንዳለፉ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ለጥያቄው መልሱ ይኸው ነው።

በሐረሪ ቤት ውስጥ መደቦቹ (ነደባ) እንደየማዕረጉ የተደለደሉ ናቸው፤ ታላቅን ማክበር እንዴት ከቤት አሠራር ጋር አብሮ እንደተገነባ ያሳያሉ። ወደ መቃብር ሲደርሱም አደቡን ማስተማር የወላጅ ድርሻ ነው። ዚያራ አኺራን ያስታውሳል፤ ዱዓእ የምናደርገው ግን ለሟቹ ነው፣ ሟቹን አንለምንም። ማታ ጅብ ሲበላ ማየቱን ልጆች ይወዱታል፤ ይዩት። ከሐረር የያዙት ወሬ የጅብ ብቻ እንዳይሆን ግን እንጠንቀቅ።

ቤት ሲመለሱ ደብተሩ አይጣል። አንድ የጁሙዓ ከሰዓት ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ልጆቹ ያዩትን ይንገሩ፤ አዋቂዎች ያድምጡ። ለሩቅ ጉዞ አቅም የሌለው ቤተሰብም አይዘን። በሰፈሩ ያለውን አሮጌ መስጊድ ማን እንደሠራው፣ መጀመሪያ ማን እንዳስተማረበት ልጆቹ ከአዛውንት ይጠይቁ። አዛውንቱ ሲሞቱ የሚያውቁት አብሮ ይቀበራልና ዛሬውኑ ይጠየቁ።

አላህ ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።