ከድምፅ መስጫው በኋላ



በኮሶቮ የሰርቦችና የአልባኖች ቅራኔ ለዓመታት ሲብላላ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነት ሆነ። ሐዋሳ እንዲህ ካለ ጦርነት አልደረሰችም፤ የብሔር ግጭትን ግን ቀምሳለች። ሰኔ 2010 ዓ.ም. በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። ሐምሌ 2011 የሲዳማ የክልልነት ሕዝበ ውሳኔ ሲዘገይ ዳግም ደም ፈሰሰ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ግን ጥያቄው በድምፅ ተመለሰ፤ ከመራጩ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው የሲዳማን ክልልነት ደገፈ።

ድምፁ የአስተዳደሩን ጥያቄ ፈታ። ቤቱ የተቃጠለበት ጎረቤት ጉዳይ ግን በምርጫ ኮሮጆ አይዘጋም። ስለዚህ በዚህ እትም አሉባልታ ዱላ የሚያስነሣው እንዴት እንደሆነ እንመረምራለን፤ የሲዳማ አባቶች ነገር ሰምተው የሚያበርዱበትን የአፊኒን ሥርዓትም እናያለን። እርቅ ያለ ካሳ ይጸናል ወይ? ክርክሩን ለእናንተ ትተናል።



አዘጋጁ